ፊልሙ ሲያልቅ ስልክዎን አይክፈቱ

መጽሐፍ ጨርሰው ወይም ፊልም አይተው ሲነሡ፣ የሌሎችን አስተያየት ከመፈለግዎ በፊት የራስዎን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ የሃያሲን ቃል አስቀድሞ የሰማ ሰው የራሱን ስሜት ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ማዘግየትም አያዋጣም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ታሪኩን አሳጥረው አይጻፉ፤ እሱን የትም ያገኙታል። ይልቅስ አንድ ነገር ይምረጡ። «እናትየው ደብዳቤውን ሳትከፍት መሳቢያ ውስጥ የከተተችው ለምንድን ነው? እኔ ብሆን እከፍተው ነበር» የሚል አንድ መስመር ከአንድ ገጽ ሙሉ ውዳሴ ይበልጣል። (ውዳሴማ ለማንኛውም ፊልም ይገጥማል።) መጽሐፉን ዘግተው በትውስታ ይጻፉ፤ የገጹን ቁጥር በኋላ ይፈልጉታል። ያልወደዱትንም ይመዝግቡ፤ እኔ እንዲያውም ደጋግሜ የማነበው ስላናደዱኝ መጻሕፍት የጻፍኩትን ነው። ቀኑን አይርሱ። ከወራት በኋላ ሐሳብዎ ቢለወጥ የቀድሞውን ሳይሰርዙ አዲሱን ከሥሩ ያክሉ።