ዊንዶውስ 7 ለመመለስ ሲሞከር «ድራይቨር የለም» የሚለው ጣጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ሐምሌ ላይ ጎንደር ፒያሳ ወደሚገኘው ሱቃችን የሚመጣው ላፕቶፕ ጉዳዩ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ ሒሳቡ ያለው አሮጌ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ላይ ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ሰው «ላሻሽልላችሁ» ብሎ ዊንዶውስ 10 ጭኖበታል። ፕሮግራሙ አልከፍት ሲል «ወደ ድሮው መልሱልን» ይባላል። ከአዘዞም ከደባርቅም የሚመጣው ይኸው ነው። ፍላሽ ቡት ማድረግና (ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ማስነሳትና) ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) መግባት ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምቀጥለው።

ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ዳታውን። ዴስክቶፕና ዶክመንት ገልብጦ «ባክአፕ ይዣለሁ» የሚል ሰው ሞልቷል። የሒሳቡ ዳታ ግን ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ፎልደር ነው የሚቀመጠው። ፕሮግራሙ የሚከፍት ከሆነ ባክአፑን ከውስጡ አውጡ፤ ካልከፈተ ሙሉ ፎልደሩን ገልብጡና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት። ባለቤቱ «ምንም የለበትም፣ አጥፉት» ቢልም አትመኑት። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ነቅሎ ለባለቤቱ ማስረከብና በሌላ ላይ መጫን ነው።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክቱ፦ የዊንዶውስ 7 መጫኛ ከፍላሹ በሰላም ይነሳል። ቋንቋ ትመርጣላችሁ፣ «ኢንስቶል ናው» ትላላችሁ። ወዲያው አስፈላጊ የሲዲ/ዲቪዲ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያሠራበት ትንሽ ፕሮግራም) ጎድሏል የሚል ትንሽ መስኮት ይመጣል። «ብራውዝ» ብትሉ ፍላሹ የለም።

ምክንያቱ፦ ይህ መልእክት ስንቱን አሳስቷል። የጎደለው የሲዲ ድራይቨር አይደለም፤ እንዲያውም ላፕቶፑ ዲቪዲ ማጫወቻ ጭራሽ ላይኖረው ይችላል። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር አልነበረውም። ባዮሱ ዩኤስቢ 3ን ስለሚያውቅ ፍላሹን ያስነሳዋል፤ መጫኛው ሥራውን ሲረከብ ግን ራሱ የተነሳበትን ፍላሽ ማየት ያቅተዋል። አንድ ልጅ የሲዲ ድራይቨር በላፕቶፑ ሞዴል ሲያወርድ አድሮ የሞባይል ዳታውን ጨርሶ መጣ። ያወረደው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ከችግሩ ጋር ግን አይገናኝም። ሌላው ላፕቶፕ ደግሞ ከሌላ ቦታ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ፣ ተፈታቶ፣ ብሎኑ ግማሹ በፌስታል ግማሹ ጠፍቶ ነው የደረሰን። ገጥመን ፍላሹን ከሰማያዊው (ከዩኤስቢ 3) ፖርት ወደ ጥቁሩ (ወደ ዩኤስቢ 2) አዛወርነው፤ ተጫነ። ቦርዱ ምንም አልሆነም ነበር። እንዲህ ሳያዩ ቦርድ የሚፈርዱ ሰዎች ብሎን መፍቻውን ቢያስቀምጡት ይሻላል።

መፍትሄው፦ ያንን መስኮት ካንስል አድርጉና «ኢንስቶል ናው» ወደሚለው ገጽ ተመለሱ። ሪስታርት አታድርጉ። እዚያው እንዳለ ፍላሹን ነቅላችሁ ጥቁሩ ፖርት ላይ ሰኩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ እንደገና «ኢንስቶል ናው» በሉ። በአብዛኛው ያልፋል። ካላለፈ ባዮስ ውስጥ ዩኤስቢ 3 ወይም ኤክስ ኤች ሲ አይ የሚል ምርጫ ካለ አጥፉት፤ ሁሉም ፖርት እንደ ዩኤስቢ 2 ይሠራል። ውስጥ የተገጠመ ዲቪዲ ማጫወቻ ካለ በዲስክ መጫንም ይቻላል፤ በዩኤስቢ የሚሰካው ግን ከፍላሹ አይሻልም።

ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 6ኛ ጄኔሬሽን ከሆነ ፖርት መቀያየር ዋጋ የለውም፤ ጥቁሩም ፖርት በዚያው በዩኤስቢ 3 ተቆጣጣሪ ነው የሚሠራው። ያኔ የዩኤስቢ 3 ድራይቨሩን አስቀድማችሁ መጫኛው ውስጥ ማስገባት አለባችሁ፤ ቡት ዊም (መጫኛው የሚነሳበት ፋይል) ውስጥም ኢንስቶል ዊም (ዲስኩ ላይ የሚዘረጋው ዊንዶውስ) ውስጥም። ቡቱ ላይ ብቻ ካስገባችሁ ጭኖ ይጨርስና ሲነሳ ማውሱም ፍላሹም ሞቶ ታገኙታላችሁ። ከ7ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ላለው አትድከሙ፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ለዊንዶውስ 7 አልደገፈውም።

ይኸው መልእክት ሁለተኛ ምክንያት አለው፤ እኔን የሚያበሽቀኝም እሱ ነው፦ የውሸት ፍላሽ። ላዩ 128 ጂቢ ይላል፣ ዊንዶውስም 128 ያሳያል፣ ውስጡ ግን የዚያን ሩብ እንኳ አይዝም። ልኩ ሲሞላ ስህተት ሳያሳይ መገልበጡን ይቀጥላል፤ ፋይሉ ስሙና መጠኑ አለ፣ ይዘቱ የለም። ስለዚህ መጫኑ ወይ ከመጀመሪያው ድራይቨር ይጠይቃል፣ ወይ ፋይል ሲዘረጋ መሃል ላይ መጨረሻው 0570 በሆነ ቁጥር ይቆማል። ይህ ቁጥር ከተበላሸ ራምና ከሚሞት ሃርድ ዲስክም ሊመጣ ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍላሹን ነው። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ ያነባል፤ ውሸቱን ቁጭ ያደርገዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሡ። ውሸት የሆነውን ጣሉት። ለጓደኛ አትስጡ፣ መሳቢያ ውስጥም አታስቀምጡ፤ ተመልሶ እናንተው እጅ ይገባል። የሠርግ ፎቶም አታስቀምጡበት!

ሌሎቹን ባጭሩ።

«ዲስኩ ጂፒቲ ነው፣ አይጫንበትም» ካለ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን አጥፉ፣ ሌጋሲ (የድሮውን አነሳስ) አብሩ፣ ዲስኩን ከጂፒቲ (ከአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ወደ ኤምቢአር (ወደ ድሮው) ቀይሩ። ለዚህ የሚሰጠው «ክሊን» ትዕዛዝ ሁሉንም ይጠርጋል፤ የዲስኩን ቁጥር ሁለቴ አንብቡ።

ፕሮግራሙ 16 ቢት (በጣም የድሮው ዓይነት) ከሆነ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ላይም አይነሳም። የሚፈልገው 32 ቢት ነው፤ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ራሱ ስለሚያስነሳው ወደ ኋላ መመለስ ላያስፈልግም ይችላል።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ስትጭኑ መጨረሻው 7ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር ያለው ብሉ ስክሪን ከመጣ፣ ባዮስ ውስጥ ሳታውን (የሃርድ ዲስኩን አሠራር) ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ለውጡ። ሠርቶ ቆይቶ መብራት ከጠፋ በኋላ 7ቢው ከተመለሰ፣ የባዮሷ ትንሽ ባትሪ አልቃለች፤ ቅንብሩ በራሱ ወደ ፋብሪካው ተመልሷል። ሲአር 2032 ቀይሩና እንደገና አስተካክሉ። ክረምት ላይ ይህ ይበዛል፣ በተለይ ዋናው ባትሪ በሞተበት ላፕቶፕ ላይ።

ዊንዶውስ 7 ላይ ድራይቨር ተጭኖ «ኮድ 52» ካሳየ (የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ አላመነም ማለት ነው) ሰርቪስ ፓክ 1 መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ የማይክሮሶፍትን ማሻሻያዎች መጀመሪያ ኬቢ 4490628ን፣ ቀጥሎ ኬቢ 4474419ን ጫኑ። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ።

ኢንተርኔቱን ተዉት። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ ኤክስፒ ከኤፕሪል 8 ቀን 2014 ወዲህ ጥገና አያገኙም። የሒሳብ ማሽን ላይ ፌስቡክ የሚከፍት ሠራተኛ ካለ ገመዱን ነቅላችሁ ዋይፋዩንም አጥፉበት።

ኤክስፒ ላይ ከአዲስ ኮምፒውተር የመጣ የአማርኛ ፋይል ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከታየ ፋይሉ አልተበላሸም። ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ኒያላ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። አቢሲኒካን ጫኑበት። ሣጥኑ ቀርቶ ዝብርቅርቅ የፈረንጅ ፊደል ከታየ ግን ጽሑፉ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ያንኑ ፎንት ከባለቤቱ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ፈልጉ፣ ነቅላችሁ ካስረከባችሁት ላይ።