ለሠርጋችሁ የሚስማማውን የፎቶ ስልት እንዴት እንደምትመርጡ፦ ለሐዋሳ ሙሽሮች

በጥር ወር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ጎራ ያለ ሰው የሙሽሮች ሰልፍ ያያል። ሦስት አራት ጥንዶች ከነሚዜዎቻቸው ለአንድ ዛፍ ተራ ይጠብቃሉ። ሁሉም በዚያው ዛፍ ሥር፣ በዚያው አቋቋም ይነሣሉ፤ ሙሽራው አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሙሽሪት አንገቷን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጋ። አልበሞቹ ቢቀያየሩ የማን እንደሆኑ የሚለየው ፊት ብቻ ነው። ለዚህ ዛፉም ፎቶ አንሺውም አይወቀሱም። ሙሽሮቹ ዋጋ ጠየቁ፣ ቀን አስያዙ፣ ቀብድ ከፈሉ፤ እንዴት መነሣት እንደሚፈልጉ ግን የጠየቃቸው የለም፣ እነሱም አልተናገሩም።

የፎቶ ስልት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ደመቅ ይበል ወይስ ፈዘዝ። ቀለም በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል። ስልት ግን ከሠርጋችሁ ቀን ስንት ሰዓት ለካሜራው እንደምትሰጡ፣ ስንቱን ለእንግዶቻችሁ እንደምታስቀሩ የሚወስን ነገር ነው። ምርጫው መጀመር ያለበትም ከዚህ ነው።

1. ስልቶቹን በሚጠይቁት ጊዜ ለዩአቸው

በሰፊው ሲታዩ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በአቋቋም የሚነሣው ነው፤ ፎቶ አንሺው ያቆማችኋል፣ አገጫችሁን ቀና፣ ትከሻችሁን ዘወር ያደርጋል፣ እናንተ ትታዘዛላችሁ። የአጼ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ሰው ያነሣ የነበረው እንዲህ አቁሞና አስቀምጦ ነው፤ የየከተማው ፎቶ ቤትም ይህንኑ ይዞ ቆይቷል። የወላጆቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውም ከዚሁ ወገን ነው። አትናቁት። ሁሉም ፊት ጥርት ብሎ የሚታየው፣ ልብሱም ሳይጨማደድ የሚወጣው በዚህ ስልት ነው። ለሁለታችሁ ብቻ እንኳ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ሚዜዎችና ቤተሰብ ሲጨመሩ ይረዝማል።

ሁለተኛው ዘጋቢው፣ ዶክመንተሪ የሚባለው ነው። እዚህ ፎቶ አንሺው አያዝዝም፣ ይከተላል። ለፎቶ ተብሎ የሚቆም ፕሮግራም ስለሌለ ከቀናችሁ የሚቀንሰው ሰዓት የለም። ክፍያው በሌላ በኩል ይመጣል፤ ከማለዳ እስከ ማታ አብሯችሁ የሚቆይ ሰው ትቀጥራላችሁ፣ ዓይናችሁ የተጨፈነበት ወይም ጉርሻ አፋችሁን የሞላበት ፎቶም ከቆንጆዎቹ ጋር ይደርሳችኋል። ይህን አይቶ መሳቅ የማይችል ሰው ዶክመንተሪ አይምረጥ።

ሦስተኛው የመጽሔት ዓይነቱ ነው፤ ቦታው፣ ብርሃኑና ልብሱ አስቀድሞ የሚታቀድበት፣ መብራት የሚሸከም ረዳት የሚፈልግ። እኔን ብትጠይቁኝ ይህ በሠርግ ዕለት ባይሠራ ይመረጣል። ለቅድመ ሠርግ ወይም ከመልስ በኋላ ለሚመጣ ቀን ይቆይ። በዕለቱ 2 ሰዓት ከፈጀ የሚራቡት አዳራሽ ተቀምጠው የሚጠብቋችሁ እንግዶች ናቸው።

2. ካሜራ ፊት ምን እንደምትሆኑ እወቁ

የሌላ ሰው ያማሩ ፎቶዎችን ስልክ ላይ ማጠራቀም ስለ እናንተ የሚነግራችሁ ነገር ጥቂት ነው። ከዚያ ይልቅ አንድ ጓደኛ ይዛችሁ አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ወዳለው የእግረኛ መንገድ ውጡ። የጊዜውን ግማሽ «ቁሙ፣ ተቃቀፉ፣ ወዲህ እዩ» እያለ በስልኩ ያንሣችሁ። ቀሪውን ግማሽ ምንም ሳይናገር፣ እናንተ እየሄዳችሁና እያወራችሁ ያንሣ። ቤት ስትገቡ ሁለታችሁ ሳትመካከሩ የምትወዷቸውን 10 ፎቶዎች ለየብቻ ምረጡ።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። ከሁለቱ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሽራው፣ ካሜራ ሲዞርበት መንጋጋው ይቆለፋል፤ ፈገግታው ጥርስ ማሳየት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለት ሰዓት በአቋቋም ማስነሣት ቅጣት ነው። በተቃራኒው ደግሞ እጁን የት እንደሚያደርግ ካልተነገረው የሚጨነቅ አለ፤ ለእሱ ትእዛዝ እረፍት ነው፣ ዝም ብሎ የሚከተለው ካሜራም ሰላም ይነሣዋል። የሁለታችሁ ምርጫ ከተለያየ አትጣሉ። ቀኑ ለሁለቱም ስልት የሚበቃ ርዝመት አለው።

3. ቀኑን በሰዓት ከፋፍላችሁ ጻፉት

ከንጋት እስከ ማታ ያለውን በወረቀት ላይ አውርዱት፦ ልብስ መልበስ፣ ሙሽራው ሲመጣ በር ላይ ያለው ግርግር፣ ምርቃት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ኒካህ፣ መናፈሻ፣ አዳራሽ፣ ቅልቅል። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ እዚህ ላይ ፎቶ አንሺው ያዝዛል ወይስ ይከተላል? የዚህ ወረቀት መልስ ስልታችሁ ነው።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ሙሽሪት ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት የምትስምበት ቅጽበት ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም። የአባትየው እጅ ወደ ራሷ ይሄዳል፤ ጸጉሯ ከሌሊት ጀምሮ የተሠራ መሆኑን ስለሚያውቅ ጣቶቹን ነካ ሳያደርግ ከፍ አድርጎ ይይዛቸዋል። እናት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ታነሣለች። ይህን የሚያገኘው አስቀድሞ ከጎን ተንበርክኮ የጠበቀ ሰው ብቻ ነው። «አባባ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» የሚል ፎቶ አንሺ ሁለተኛ ምርቃት ያገኛል፤ ሁለተኛው ግን ትወና ነው፣ አልበም ላይም ያስታውቃል። ስለዚህ የቀረው ቀን በየትኛውም ስልት ቢነሣ ምርቃት ላይ «ይከተላል» ብላችሁ ጻፉ።

ሥርዓተ ተክሊል ላይ ደግሞ ምርጫው የእናንተ ብቻ አይደለም። ካባና አክሊሉ ለፎቶ የሚያምር ቢሆንም ፎቶ አንሺው የት መቆም እንደሚችል፣ ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነ የሚወስነው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የቃል ኪዳኑ ሰዓት ፎቶ አንሺው መድረክ ላይ ይወጣ ወይስ ከታች ይቅር የሚለውን መጋቢውን ጠይቁ። የሴቶችና የወንዶች ፕሮግራም በሚለያይበት የሙስሊም ሠርግ ከስልቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ሴት ፎቶ አንሺ አለች ወይ የሚለው ነው።

4. የሐዋሳን ፀሐይ ግምት ውስጥ አስገቡ

ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከከተማው በኩል ስለምትወጣ ሐይቁን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ስትቆሙ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ያርፋል፤ ውኃውም ሰማያዊነቱን እንደያዘ ይታያል። አመሻሽ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በሐይቁ ማዶ ስለምትጠልቅ በዚያው ቦታ ብትቆሙ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይሆናል፤ ፎቶ አንሺው መብራት ካላመጣ ወይ ፊታችሁ ይጠቁራል ወይ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፊታችሁ ሳይለይ ቅርጻችሁ ብቻ ጠቁሮ በወርቃማ ውኃ ላይ የሚታይበትን ፎቶ የምትወዱ ከሆነ ግን ሰዓታችሁ ይህ ነው። በጥርም በግንቦትም ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ደግሞ ከጠለቀች በኋላ ያለው ወገግታ ብዙ አይቆይም። ሐይቁ ዳር 12 ሰዓት ከሩብ ላይ የደረሰ ሙሽራ ዘግይቷል።

ከሁሉ የከፋው እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ጎድጉዶ ይጠቁራል። የመናፈሻ ፕሮግራማችሁ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከዋለ ሰፊ ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡ። የግንቦት ሙሽሮች ዝናብን አስቡ፤ በረንዳው ሰፊ የሆነ ሆቴል አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

አሞራ ገደልን ለሚመርጡ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ጠዋት ዓሣ በሚበለትበት ሰዓት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው እኩል ቆመው ይጠብቃሉ፤ ለዘጋቢ ስልት ድንቅ ነው፣ መሬት ለሚጎተት ቬሎ ግን አይሆንም። ጦጣዎቹም ሙዝ የያዘን ሙሽራ ከሌላው ሰው አይለዩትም። የመግቢያና የፎቶ ክፍያ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች ስላሉ አንድ ሚዜ ቀደም ብሎ ይጨርሰው።

5. «የአንድ ሠርግ ሙሉ ፎቶ አሳየኝ» በሉ

ማንም ፎቶ አንሺ ከ50 ሠርግ 20 ቆንጆ ፎቶ አያጣም። እናንተ ማየት ያለባችሁ ከአንድ ሠርግ ለሙሽሮቹ የተሰጠውን በሙሉ ነው፤ እነሱ ከፈቀዱ ማለት ነው። እያያችሁ ሦስት ቦታ ላይ ቁሙ፦ በቀትር ፀሐይ የተነሣው፣ ማታ በባለቀለም መብራት አዳራሽ ውስጥ የተነሣው፣ 15 ሰው የቆመበት የቤተሰብ ፎቶ።

ከዚያ ቆዳውን ተመልከቱ። ነጭ ቬሎ ወይም ነጭ የሀገር ልብስ ከቡናማ ፊት አጠገብ ሲሆን ካሜራው ይቸገራል፤ ልብሱን ሲያስተካክል ፊቱን ያጠቁራል፣ ፊቱን ሲያስተካክል የጥበቡን ጥልፍ ያጠፋል። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ሁለቱንም ያድናል። ሰነፉ ሁሉንም በኮምፒውተር ያነጣዋል። ይህ የቆየ በሽታ ነው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ፣ ሸርሊ ካርድ የሚባለው፣ የነጭ ሴት ፎቶ ነበረ፤ የሁሉም ሰው ቆዳ የሚለካው በእሷ ነበር። ዛሬም «ፈካ ያለ» እየተባሉ የሚሸጡ ዝግጁ ማስተካከያዎች የጠይም ሰውን ፊት ወደ አመድነት ይወስዱታል። እናታችሁ አልበሙን ገልጣ «ይቺ ማን ናት?» እንዳትል፣ ፊታችሁን እንዳያነጣ በግልጽ ንገሩት።

6. ቪዲዮ ቀራጩን አትርሱ

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ምርጫ ይበላሻል። ዶክመንተሪ የሚያነሣ ዝምተኛ ፎቶ አንሺ ትቀጥራላችሁ፤ በዕለቱ ግን ቪዲዮ ቀራጩ ትልቅ መብራት ፊታችሁ ላይ ደቅኖ «ተመለሱና እንደገና ግቡ» ይላል። ከዚያ በኋላ ቀኑን የሚመራው እሱ ነው። ሁለቱን ከሠርጉ በፊት አገናኟቸው፤ ማን እንደሚያዝዝ፣ የት ላይ ማንም እንደማያዝዝ ከላይ የጻፋችሁትን ወረቀት አሳዩአቸው። ድሮን እናስነሣለን ካሉ የፈቃዱን ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ።

7. ለወላጆች ግማሽ ሰዓት መድቡ

ምንም ያህል ዘጋቢ ስልት ብትወዱ ወላጆቻችሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ቀጥ ብሎ የተቆመበትን ነው፤ መብታቸውም ነው። አንድ የቤተሰብ ቡድን ተጠርቶ፣ ተሰልፎ እስኪነሣ 3 ደቂቃ ቢወስድ 20 ቡድን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ዝርዝሩን ወደ 10 አውርዱት፣ የቀሩት አዳራሽ ውስጥ በየጠረጴዛቸው ይነሡ። ስም የሚጠራው ፎቶ አንሺው አይሁን፤ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅና ድምፁ የሚሰማ አንድ አጎት ይሁን። ቅሬታ የሚነሣው አክስት ሳትጠራ ስትቀር ነውና።

8. የተስማማችሁበትን ውል ላይ አስፍሩ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስልቱ በቃላት ይጻፍ፦ በየትኛው ሰዓት በአቋቋም፣ በየትኛው ሰዓት በመከተል እንደሚነሣ። የሚያነሣው ያነጋገራችሁት ሰው ራሱ ነው ወይስ ረዳቱ? ስንት ፎቶ ይሰጣችኋል፣ ስንቱ ይስተካከላል፣ መቼ ይደርሳል? ፎቶዎቹ በሁለት ቦታ ይቀመጣሉ ወይ? ያለ ፈቃዳችሁ ለማስታወቂያ ይጠቀምባቸዋል ወይ? የአልበሙንም ነገር ከስልቱ ጋር አያይዙት፤ ዘጋቢ ስልት ብዙ ገጽና ትንንሽ ፎቶ ይፈልጋል፣ የአቋቋም ስልት ጥቂት ገጽና ትልልቅ ፎቶ። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሰዓቱን ወረቀት ከስም ጠሪው አጎት ስልክ ቁጥር ጋር ለፎቶ አንሺውም ለቪዲዮ ቀራጩም ላኩ።