ከአዲስ አበባ ዳር ላለ ኮሌጅ መምህር መቅጠርና ማቆየት

ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ ወይም ለገጣፎ ላይ ያለ የግል ኮሌጅ መምህር የሚያጣው በደመወዝ ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ያሸሻል። ስለዚህ ሰርቪሱ ከየት እንደሚነሳና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ማስታወቂያው ላይ ጻፉ። የአንድን መምህር ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ላይ ሰብስቡለት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እየተባለ የተበታተነበት ሰው ቶሎ ይለቃል።

ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ከሰጠው ተቋም በደብዳቤ አረጋግጡ፤ ከውጭ አገር ከሆነ የአቻ ግምት (ዲግሪው ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ) ይቅረብ። ከዚያ ተማሪዎች ባሉበት የ20 ደቂቃ የማስተማር ፈተና ስጡ። መልቀቂያ ሳያመጣ ኮርስ አትመድቡ።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው የሙከራ ጊዜው ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሳምንት አምስት ቀን ሲሰላ 12 ሳምንት ነው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ፣ የተማሪዎችን ግምገማ እስከ ማጠቃለያ ፈተና ማቆየት መምህሩን የማስቀጠል ወይም የማሰናበት ውሳኔው ጊዜ እንዲያልፍ ያደርጋል። ስለዚህ ግምገማውን በ6ኛው ሳምንት አስሞሉ፤ ክፍል ገብታችሁም ተመልከቱ፤ ውጤቱን ለመምህሩ በግልጽ ንገሩት።

ሙከራውን የጨረሰ መምህር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ያ ቀን ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ሊውል ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ኮርስ ተተኪ አስቀድማችሁ ለዩ፤ የኮርሱ ማስታወሻና የውጤት መዝገብም በትምህርት ክፍሉ ይቀመጥ።