አሮጌ ፒክአፕ ሲያስቸግር፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚያወርደው መንገድ ብልሽቱን መለየት

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አሁንም ብዙውን ሥራ የሚሠራው አሮጌ ፒክአፕ ነው። ጤፍ ይጭናል፣ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ዘመድ ይጭናል። ብዙዎቹ ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌላቸው የናፍጣ ሃይሉክሶች ናቸው። ኮምፒውተር አለመኖሩ ለባለቤቱ ትልቅ ጥቅም አለው። ብልሽቱን በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ማግኘት ይቻላል። ችግሩ እኛ ጋ ዕቃ የሚቀየረው በግምት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ባትሪ ይገዛል። ካልሆነ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ ከዚያ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው)። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው የዛገ የባትሪ ማሰሪያ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ኪስ ውስጥ ከመግባት በፊት እንፈትሽ። ቮልት መለኪያ ቴስተር፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት የ12 ቮልት አምፖል፣ ቁልፎች፣ ክሪክና ንጹህ ጨርቅ ይበቃሉ።

ጠዋት አልነሳ ሲል

ቁልፉን አዙሩና አዳምጡ። ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ወይም እየጎተተ በግድ ከዞረ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው።

1. የባትሪውን ራሶች እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ማሰሪያውን ፈታችሁ በሙቅ ውሃና በብሩሽ አጽዱ። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ደግሞ እሱን መጨረሻ አድርጉት።
2. ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው።
3. ሰው ሞተሪኖውን እያዞረ እንደገና ለኩ። ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ካልወረደና ሞተሪኖው ጠቅ ብቻ ካለ ከባትሪው ወደ ሻሲና ወደ ሞተሪኖ የሚሄዱትን ወፍራም ገመዶች ፈትሹ። ሞተሪኖውን የምትጠረጥሩት ከዚያ በኋላ ነው።
4. ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው አይሞላም፤ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ላልቷል።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሳም ካለስ? ያን ጊዜ ጭስ ማውጫውን እዩ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቀጣጠለም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ የተለመደ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ነው። አራቱን የሚያገናኘውን ቀጭን ብረት ፍቱ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ካንዴላው ጫፍ ላይ አድርጉ። አምፖሉ ከበራ ካንዴላው ደህና ነው። ካልበራ እሱን ብቻ ቀይሩ።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። የናፍጣ ፊልትሮው ታች ያለችውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ትንሽ በላስቲክ ጠርሙስ ተቀበሉና አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከናፍጣው ሥር ለይቶ ይዘቅጣል፣ በዓይን ይታያል። ውሃው እስኪያልቅ አፍስሱና ዝጉ። ቀጥሎ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ተጫኑ። ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ወይም ፖምፓዋ በየጠዋቱ ልል ሆና የምትገኝ ከሆነ አየር እየገባ ነው። የተሰነጠቀ የናፍጣ ጎማ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ፈልጉ።

ሐረጎን ከመውረድ በፊት

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት አድርጎ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ፍሬን የሚፈተነው እዚህ ነው፣ ጠመዝማዛው ላይ ደርሶ መፈተሽ ግን አይቻልም። ከግቢ ሳትወጡ ፔዳሉን እርገጡና የሚሰማችሁን ልብ በሉ።

ልፍስፍስ ብሎ ደጋግማችሁ ስትረግጡት የሚጠነክር ከሆነ አየር ገብቷል፣ ወይም የኋላው የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ርቋል። አየሩ ይውጣ፣ ሸራው ይስተካከል። እግራችሁን ሳታነሱ በዝግታ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ ነው፣ አለዚያም ዋናው የፍሬን ፖምፓ ውስጡ አልቋል። ጎንበስ ብላችሁ የአራቱንም ጎማ የውስጥ ጎን እዩ። እርጥብ ካለ ቦታው ታወቀ። በዚህ ሁኔታ መኪናው አይወጣም፣ ጭነቱ የፈለገውን ቢቸኩል።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ መኪናው በቀላሉ አልቆም ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሞተሩን አጥፉ። ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ እርገጡ፣ ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ የፍሬን ማገዣው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ አየር የሚስበው መስመር ላይ ችግር አለ። በእነዚህ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ አየር የምትስበው ፖምፓ የተገጠመችው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ማገዣውን በሙሉ ይቀይራል። መጀመሪያ ጎማ ቱቦዋን፣ ከዚያ ፖምፓዋን ፈትሹ። ዲናሞው ጀርባ በሞተር ዘይት ከረጠበ ይበልጥ ጠርጥሯት።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲሱ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ጭነት ይዞ ሐረጎን በፍሬን ብቻ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በየ2 ዓመቱ ይቀየር።

አወራረዱም የጥገናው አካል ነው። ያንን ዳገት በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ናፍጣ ለመቆጠብ ብላችሁ ማርሽ ነፃ አታድርጉ፣ ሞተርም አታጥፉ። ማርሽ ውስጥ እያላችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ የናፍጣ ፖምፓው ራሱ ናፍጣውን ይቀንሳል። ሞተር ስታጠፉ ደግሞ የፍሬኑ እገዛ ይጠፋል።

ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትቆሙ የእጃችሁን ጀርባ በየጎማው ቸርኬ አቅራቢያ አድርጉ፣ አትንኩት። ከጓደኛው ይልቅ ቀዝቃዛ የሆነው ፍሬኑ አይይዝም። በጣም የሚፋጀው ደግሞ ይዞ አይለቅም።

ተመልሶ መውጣት

ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውሃውን ከዚያ በላይ ሳያፈላ የሚይዘው ክዳኑ ግፊት ስለሚፈጥርለት ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚያፈላ መኪና ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ አዲስ ግዙ፣ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው። ቀጥሎ ራዲያተሩ መሃል የገባውን አቧራና ገለባ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውሃ አጥቡ። ሞተሩ ሞቆ እንደጠፋ ቬንትሌተሩን በእጅ ግፉት። ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሽከረከር ከሆነ መያዣው ሞቷል።

መንገድ ላይ ካፈላ ዳር ያዙና አጥፉ። ክዳኑን ወዲያው አትክፈቱ። አቦል ጠጥታችሁ ቶና እስክትደርሱ ያህል ታገሡ። ከዚያ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ሞተሩን አስነሱና ውሃውን በቀጭኑ ጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይሰነጥቃል።

ቴስታታውን ወይም ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ከጠረጠራችሁ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱ። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የቃጠሎ ጋዝ እየገባ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

ጭሱስ? ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አይገርምም። ከድሮው ከባሰ የአየር ፊልትሮውን ቀይሩ። ካልተሻለ ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎች ይታዩ። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውሃ መጉደል ጋር ከመጣ ወደ ቴስታታው ተመለሱ።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተራመደ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን እያለቀ ነው። መሪው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከፊት በክሪክ አንሱና ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተንገጫገጨ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ) ነው። ላይና ታች ስትነቀንቁት የሚንገጫገጭ ከሆነ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ እዩ።

የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከሞተሩ ጋር የሚያስተካክለው ቀበቶ) ግን ምልክት አይሰጥም። በነዚህ ሞተሮች ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቮቹን ያጣምማል። ያገለገለ ፒክአፕ ከገዛችሁና ሻጩ መቼ እንደቀየረው በትክክል ካልነገራችሁ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙት።