ልጅ እንዴት እንደሚያስብ በውሃና በብርጭቆ ለማየት

ሥራዬ ለልጆች ጥናት መረጃ መሰብሰብ ነው። አዲስ ሰው ሲመደብልኝ መጀመሪያ የማሠራው የውሃውን ሙከራ ነው። እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ አንድ ቀጠን ረዘም ያለ ብርጭቆ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃችኋል።

ሙከራው የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የዣን ፒያዤ ነው። ፒያዤ በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ የልጆችን ፈተና ሲያርም ቀልቡን የሳበው የተሳሳተው መልስ ነበር። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። ለምን? ዕድሜውን ሙሉ ይህን ተከታተለ። እናንተም ልጁ «አገኘ፣ ሳተ» የሚለውን እርሱት።

ከዕድሜው ጀምሩ። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ጻፉ፤ በዚህ ዕድሜ ስድስት ወር ብዙ ነው። እኛ አገር ትልቁ ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ልደቱን በኢትዮጵያ፣ የዛሬውን ቀን በፈረንጅ የጻፈ ሰው ልጁን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። እናትየው «የጥምቀት ማግስት ነው የወለድኩት» ካለች ዓመቱን ከክትባት ካርዱ ላይ አመሳክሩ።

ልጁ በልቶ ጠግቦ፣ እንቅልፉን ጨርሶ ይሁን። ጓደኞቹ ውጪ ኳስ እየተጫወቱ ከሆነ ተዉት፣ ልቡ እዚያ ነው። እናቱን ብቻ ሳይሆን እሱንም አስፈቅዱ፤ «በቃኝ» ካለ በቃ። ምንጣፍ ላይ አብራችሁት ተቀመጡ። እናቱ ከልጁ ኋላ ትሁን፤ ፊት ለፊቱ ከሆነች በዓይኗ መልስ ትነግረዋለች።

ሁለቱን ብርጭቆዎች እኩል ሙሉና «እኩል ናቸው?» በሉት። «አይደሉም» ካለ ራሱ ጠብ እያደረገ ያስተካክል። ከዚያ እያየ አንዱን ወደ ቀጭኑ ገልብጡ። «አሁንስ? አንዱ ይበዛል ወይስ እኩል ናቸው?» ብላችሁ ዝም በሉ።

አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጣቱን ቀጭኑ ብርጭቆ ላይ ከታች ወደ ላይ እየጎተተ «ይሄ በዛ፤ እዚህ ድረስ ወጣ» አለኝ። ውሃውን ወደ መጀመሪያው ብርጭቆ ስመልሰው «አሁን እኩል ሆነ» አለ፣ ምንም ሳይገርመው። እንዲህ ያለውን ቃል በቃል ጻፉት፣ የጣቱን ነገር ሳይቀር። «አልገባውም» ብላችሁ አትጻፉ፤ እሱ የእናንተ ፍርድ ነው።

ከመለሰ በኋላ «እንዴት አወቅክ?» ማለት ይቻላል። ያንኑ ጥያቄ መድገም ግን አደጋ አለው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሁለቴ ከጠየቀ «ተሳስተሃል» ማለቱ ነው፤ ልጁም ቶሎ መልሱን ይቀይራል። ይህ ደግሞ የእኛ ልጆች ጠባይ ብቻ አይደለም። ሱዛን ሮዝና ማሪዮን ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ የነገሩ መልክ ከተለወጠ በኋላ አንዴ ብቻ የተጠየቁ የስድስት ዓመት ልጆች ሁለቴ ከተጠየቁት ያነሰ ተሳስተዋል። እንግዲህ ፒያዤ ራሱ ከመገልበጡ በፊትም በኋላም ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሁለት ልጆች ካሏችሁ አንዱን እንደ ፒያዤ፣ ሌላውን በመጨረሻ አንዴ ብቻ ጠይቁ።

የኤድንብራዎቹ ተመራማሪዎች ማክጋሪግልና ዶናልድሰን ደግሞ ጠጠር መሰል ነገር በሁለት ረድፍ ደርድረው ሞከሩት። አንዱን ረድፍ ተመራማሪው ሲያዛባው ከ80 ልጆች 13ቱ ብቻ በትክክል መለሱ። «ባለጌ» የተባለ የድብ አሻንጉሊት ሲያዛባው 50 ደረሱ። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ ከነካው ልጁ «አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው» ብሎ ያስባል። አሻንጉሊት ካላችሁ በሽምብራ ሞክሩት፣ በጣም ደስ ይላል።

ከአንድ ልጅ፣ ከአንድ ቀን ተነስታችሁ ስለ ልጆች ሁሉ አትናገሩ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ዓመታት ሙሉ እየተመላለሰ የጠየቀው ለዚህ ነው። እናንተም ስድስት ወር ቆይታችሁ በዚያው ብርጭቆ፣ በዚያው አነጋገር ድገሙት። እስከዚያ መልሱን አታስተምሩት። አክስቱም አያቱም እንዳይነግሩት አደራ በሏቸው።