ውሻችሁ ሳይነክሳችሁ ጥርሱን እንዴት ታጸዱለታላችሁ?

«የውሻ አፍ መቼስ መሽተቱ አይቀርም» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ጤነኛ አፍ ግን አይከረፋም፤ ከከረፋ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ድዱ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ ምራቅ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር ተዋህዶ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አይበግረውም። ሥራው ሁሉ ሳይጠጥር መቅደም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ውሻው በድንገት ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ጠባዩ ከተለወጠ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲህ ያደርጋል። ከሰው አርቁትና ሐኪም ጥሩ። ከነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ሥራው። ብሩሹን ለጊዜው እርሱት፤ መጀመሪያ ከንፈሩ ሲነካ ዝም ማለትን ይልመድ። በተለይ ግቢ ታስሮ ያደገ ውሻ ፊቱን እጅ ነክቶት አያውቅም። ሮጦ ደክሞት ረጋ ሲል ከጎኑ ተቀመጡ፤ ከላይ አታጎንብሱበት። ጉንጩን ዳብሱ፣ ከንፈሩን ለአፍታ ገለጥ አድርጉ፣ ቁራሽ ሥጋ ስጡትና ልቀቁት። ለዚያ ቀን ይበቃል። ይህ ሳምንትም ወርም ሊፈጅ ይችላል። ካጉረመረመ እጃችሁን ሰብስቡ እንጂ አትምቱት፤ ማጉረምረም በዱላ የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።

ከንፈሩን ስትገልጡ ድዱን እግረ መንገዳችሁን እዩት። ሮዝ ወይም በተፈጥሮው ጥቁር ጣል ጣል ያለበት ቢሆን ደህና ነው። ጥርሱ ሥር ቀይ መስመር፣ ደም፣ ከዓይኑ በታች እብጠት ካያችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። የቡችላ ጥርስ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ሲነቃነቅ ግን አትደንግጡ፤ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወልቀው በ42 ይተካሉ።

ከለመደ በኋላ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ጥርሱን ከውጭ በኩል እሹት። ቀጥሎ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ፤ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ክብ ክብ እያዞራችሁ። የላይኛው የኋላ መንጋጋ ላይ ቆዩ፤ ምራቅ የሚፈስሰው እዚያ ስለሆነ ቆሻሻው የሚበዛውም እዚያው ነው። የውስጡን ምላሱ ይረዳችኋል፣ አፉን በግድ አትፈልቅቁ። በየቀኑ ቢሆን መልካም፤ ካልሆነ ቀን እየዘለላችሁ።

የእናንተን የጥርስ ሳሙና ግን አታስነኩት። ውሻ አይተፋም፤ ይውጠዋል። አንዳንዱ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ደግሞ የደሙን ስኳር በድንገት አውርዶ ሊገድለው ይችላል። የውሻ ሳሙና ካላገኛችሁ ውሃ ይበቃል፤ የሚያጸዳው እሽታው ነው።

አጥንት ነገር ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። የበዓል ማግስት የዶሮ ወጥ አጥንት ግን ሁለት ጉዳት አለው፦ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ ይወጋል፣ የሽንኩርቱ ቁሌት ደግሞ ደሙን ይጎዳል። የሥጋ ቤቱ የበሬ ቅልጥምም ትልቁን መንጋጋ ሊሰብር ይችላል። በጥፍር ስትጫኑት ምልክት የማይቀበል ነገር አታስቆረጥሙት።

የጠጠረውን ቡናማ ቅርፊት በቢላ አትፋቁ፤ ድዱን ታቆስላላችሁ። ያንን የእንስሳት ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶ ያነሣዋል። ቀጠሮ ስትይዙ ከድድ በታች ያለውንም የሚያጸዳ እንደሆነ ጠይቁ፤ በሽታው የሚደበቀው እዚያ ነው።