ስፖንሰር ለምትፈልጉ የሕክምና ተማሪዎች፦ ከጅማ

ጅማ ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ውጭ አገር ያሉ የባቼ ልጆች፣ ማለትም አብረውኝ የተመረቁ፣ በየወሩ እያዋጡ ጥቂት የሕክምና ተማሪዎችን ይደግፋሉ። ማመልከቻ የምሰበስበው፣ ልጆቹን አግኝቼ የማነጋግረው፣ ለአዋጪዎቹ ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ ማመልከቻ አንባቢ ነው።

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ የሚሸፍነውን እወቁ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ገና ሲገባ እጅ በእጅ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ የለበትም። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት፣ ማለትም ኮስት ሼሪንግ በምንለው፣ የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በስማችሁ ይያዛል፤ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከገቢያችሁ ይቆረጣል። አብዛኛው ለጋሽ ይህን ዕዳ አይከፍልም። «የትምህርት ክፍያዬን መክፈል አቅቶኝ ላቋርጥ ነው» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ገና ከመጀመሪያው መስመር እንጠራጠራለን፤ እዚሁ ግቢ ነው የተማርነው።

የስፖንሰር ገንዘብ የሚገባው ወጪ መጋራቱ በማይሸፍነው ክፍተት ውስጥ ነው፦ ስቴቶስኮፕ፣ ጋዋን፣ ፒዲኤፍ የሚያነብ ስልክ ከነዳታው፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ወደ ቤት የሚወስድ ትራንስፖርት። ሆስፒታል ገብታችሁ በምትማሩባቸው ክሊኒካል ዓመታት ላይ ክፍተቱ ይሰፋል። ዲዩቲ (የሌሊት ተራ) ያደረ የሲ ዋን፣ ማለትም የመጀመሪያው ክሊኒካል ዓመት፣ ተማሪ ጠዋት ራውንድ (የሐኪሞችን የሕሙማን ጉብኝት) ተከትሎ ከዋርድ (ከሕሙማን ክፍል) ሲወጣ ካፌው ዘግቷል፤ ውጭ ገዝቶ ይበላል ወይም ጾሙን ይውላል። ጅማ ላይ ሌላም አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲመሠረት ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት መለያው ስለሆነ ተማሪው በቡድን ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣል። አጋሮ ወይም ሸቤ ለሳምንታት ስትከርሙ ግቢ ውስጥ የማታወጡት ወጪ ይመጣል። ይህን የጻፈ አመልካች እምብዛም አላየሁም፤ ቢጽፉት ግን ያሳምናል።

እስኪ ሁለት ደብዳቤ ላወዳድር። አንዱ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ «ከፍተኛ የኢኮኖሚ ችግር ስላለብኝ» የሚለው ሐረግ አምስት ቦታ አለ፤ አንብቤ ስጨርስ ስለ ልጁ የማውቀው ነገር የለም። ሌላዋ ከሊሙ የመጣች ተማሪ ናት። «ቤተሰቤ የሚኖረው በቡና ነው። ቡናው ተለቅሞ የሚሸጠው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ እስከ ሚያዝያ ትንሽ ትንሽ ይልኩልኛል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግን ምንም አይመጣም። የምጠይቀው ለእነዚህ ስድስት ወራት ነው» ብላ ከሥር የወር ወጪዋን ዘርዝራለች። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ባቾቼ ሳይከራከሩ ያጸደቁት የእሷን ነው፤ ጭራሽ ዓመቱን ሙሉ እንላክላት ያሉም ነበሩ። እናንተም እንደዚያ ጻፉ፤ ወሩን፣ ዕቃውን፣ ዋጋውን። እናታችሁ ታመው ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የት እንደምትፈልጉ ደግሞ። ግቢ ውስጥ ስማቸው የሚጠራ ትልልቅ የውጭ አጋሮች አሉ። የቤልጅየሙ የዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ድርጅት ቪሊር ዩኦኤስ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድም እንዲሁ ይታወቃል። ነገር ግን እነዚህ በዋናነት ለመምህራን፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ናቸው፤ ፒሲ ዋን (ክሊኒካል ከመግባታችሁ በፊት ያለው የመጀመሪያ ዓመት) ሆናችሁ ጊዜያችሁን እዚያ አትፍጁ። ማስተርካርድ ፋውንዴሽንም የሚሠራው ከመረጣቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ነው፤ ለምሳሌ ጎንደር። የቅድመ ምረቃ ተማሪ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከትናንሾቹ ነው፦ ከቀድሞ ምሩቃን ባች፣ ከግቢ ጉባኤ፣ ከጀመዓ፣ ከፌሎሺፕ፣ ከአገር ልጆች ማኅበር። እነዚህ ማስታወቂያ ላይለጥፉ ይችላሉ። የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከእናንተ ከፍ ያሉትን ኢንተርኖችም (የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን) ጠይቁ፣ ማን ለማን እንደሚልክ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ወረቀቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ቀን፣ ቁጥርና ክብ ማኅተም ይኑረው። ለዕረፍት ቤት ስትሄዱ ራሳችሁ አውጡት፤ በስልክ አስወጥታችሁ በቴሌግራም የተላከላችሁን ፎቶ የሚቀበል የለም። ከሪጅስትራር የወጣ የውጤት ወረቀት፣ መታወቂያ፣ በራሳችሁ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ጨምሩ። የወንድም ሒሳብ አይሆንም፤ የጓደኛማ አይነሳም።

ሲመርጧችሁ ደስታው ሳያሳውራችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እስከ ስንት ዓመት?» ሕክምናን የማያውቅ ለጋሽ ዩኒቨርሲቲ ሲባል አራት ዓመት አድርጎ ያስባል። አራተኛ ዓመት ላይ ቢያቆም እናንተ ገና ዋርድ መግባታችሁ ነው፤ ወጪው የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከፍሬሽማን (ከመጀመሪያው ዓመት) እስከ ኢንተርንሺፕ (እስከ መጨረሻው የሆስፒታል ልምምድ ዓመት) ያለውን በሠንጠረዥ አስቀምጣችሁ ላኩለት። ዓመት ብትደግሙ ምን እንደሚሆንም ያኔውኑ ይጠየቅ።

ገንዘቡ መምጣት ከጀመረ በኋላ የሚፈለግባችሁ ትንሽ ነው፦ ውጤት በወጣ ቁጥር የውጤት ወረቀት፣ ሦስት አራት መስመር መልእክት፣ ለዕቃ የተሰጠ ከሆነ ደረሰኝ። ሪ-ኤግዛም ከገባችሁ ከሌላ ሰው ሳይሰማ ራሳችሁ ንገሩ። በወደቀ ኮርስ ምክንያት ድጋፍ ያቆምንበት ተማሪ የለም፤ ስልኩን ዘግቶ የጠፋ ግን ያናድዳል፣ ለአዋጪዎቹ የምለው አጣለሁና።

ፎቶ የሚጠይቁ አሉ። የእናንተን በጋዋን ላኩ፣ ችግር የለውም። የቤታችሁን ጣሪያና የእናታችሁን ባዶ እግር አንሱልን የሚል ከመጣ በትሕትና እንቢ በሉ፤ ጨዋ ለጋሽ አይቀየምም። ከታካሚ ጋር የተነሳችሁትን ግን ለማንም አትላኩ፤ ፊቱ ቢሸፈንም፣ እሱ ቢፈቅድም።

«መመዝገቢያ ክፈሉ» ያለ ሁሉ ሌባ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

የመጨረሻው ውል ነው። እኛ ምንም አናስፈርምም። አንዳንዱ ለጋሽ ግን ስትመረቁ በእሱ ክሊኒክ ወይም በመረጠው አካባቢ ይህን ያህል ዓመት እንድትሠሩ ይፈልጋል። ክፋት የለውም፤ ግን መንግሥት ከመደባችሁ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መወጣት አትችሉም። ከመፈረማችሁ በፊት የመንግሥት ምደባ ይቀድማል የሚል መስመር መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ አስጨምሩ፣ አንዱንም ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ።